ቤት የቀየሩት አርባ መስመሮች

…እና እነዚህን አርባ የፕሮግራም መስመሮች መጀመሪያ የካርድ ክፍሉ ፋይል ውስጥ የከተታቸው ማን ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ፣ እኔው ነኝ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ያኔ ሰውን በስሙ የሚፈልገው ካርድ ክፍል ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን መድኃኒት ክፍሉም በስም ይፈልጋል፣ ላቦራቶሪውም በስም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከነበሩበት አነሳኋቸው፣ ለብቻቸው አዲስ ፋይል ሠራሁላቸው፣ «ስሞች» አልኩት፣ ሁሉም ክፍል እየመጣ የሚጠቀምበት አንድ ቤት። ጎበዝ ጀዊሪያ። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ስለሌለ የማመሰግነው ራሴው ነኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ዊንጌት። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፣ ከታች የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ይንደቀደቃል፣ የታክሲ ረዳቱ ሸጎሌ ሸጎሌ አንድ ሰው ይላል፣ ታክሲው ግማሹ ባዶ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሻይ አለ፣ ሁለት ቦምቦሊኖ አለ፣ አንዱ አብሮኝ ለሚሠራው ለስብሐት የተገዛ ነው፣ ስብሐት ግን ዛሬ ሃያ አንድ ስለሆነ እንጦጦ ማርያም ወጥቷል፣ ቅዳሴ ላይ ነው፣ ስልኩን ዘግቷል፣ ቦምቦሊኖ ደግሞ ካደረ ጎማ ነው፣ እናያለን። ደስ የሚል ጠዋት ነው። እውነቴን ነው፣ ሥራ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ያለችውን ሰዓት እወዳታለሁ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው፣ እስካሁን ካርድ ክፍሉ ብቻ በድሮው ፕሮግራማችን ሲሠራ የነበረው፣ ከካርድ ክፍል እስከ መርፌ ክፍል በአዲሱ ፕሮግራም ይጀምራል፣ የቀረኝ የኔንና የስብሐትን ሥራ አንድ ላይ ማዋሃድ ብቻ ነው፣ መርጅ እንለዋለን፣ መርጅ ምን እንደሆነ አባ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ጠይቆኝ ነበር፣ አባ፣ አንድ ደብተር አለ እንበል፣ እኔና ስብሐት እያንዳንዳችን ግልባጩን ይዘን ሄድን፣ እሱ በሱ ላይ ጻፈ፣ እኔ በኔ ላይ ጻፍኩ፣ አሁን ሁለቱ ተመልሰው አንድ ደብተር መሆን አለባቸው፣ የተለያየ ገጽ ከነካን ማሽኑ ራሱ ያዋህደዋል፣ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኘን ግን ይቆምና ያንቺን ልያዝ ወይስ የሱን ብሎ ይጠይቃል። አባ ሚዛኑ ላይ ምስር እየጨመረ አሰበ፣ ታዲያ ለምን ተራ አትጠባበቁም አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

ይኸው ቆመ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የካርድ ክፍሉ ፋይል፣ በግራ የኔ፣ ባዶ፣ በቀኝ የስብሐት፣ አርባ መስመር። ገባኝ፣ እኔ አንስቼ ወስጃቸዋለሁ፣ እሱ ጋ ግን አሁንም የድሮው ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ማሽኑ ደግሞ መዛወር የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፣ ተሰረዘ፣ ተጻፈ፣ በቃ። እኛ ነሐሴ ላይ ከዚህ ከዊንጌት ጀርባ ወደ ሸጎሌ ቤት ስንቀይር ይሄ ማሽን ቢያየን ኖሮ እዚህ አንድ ቤተሰብ ጠፋ፣ እዚያ ሌላ ቤተሰብ ተወለደ ብሎ ይመዘግበን ነበር፣ ያው አባት፣ ያቺው እናት፣ ያው የወንድሜ የኢምራን ብስክሌት። አርባዎቹን ከላይ እስከ ታች በዓይኔ እወርዳቸዋለሁ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ፣ የማውቃቸው፣ በገዛ ጣቴ የጻፍኳቸው፣ እነዚህማ አዲሱ ቤት ገብተዋል፣ እዚህ ምን ይሠራሉ። የኔን ያዝ። እጫናለሁ።

አለቀ። ፈተናዎቹን አስነሳለሁ፣ ፕሮግራሙ ራሱን የሚፈትንባቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ጥያቄዎች፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ እስከ ታች አረንጓዴ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ እለጥጣለሁ፣ እግሬን ሌላው ወንበር ላይ እሰቅላለሁ፣ እማ ብታየኝ ሴት ልጅ ነሽ ትለኝ ነበር፣ የስብሐትን ቦምቦሊኖ አነሳለሁ፣ ይቅርታ ስብሐት፣ የቅዳሴውን በረከት አንተ ይዘህ ትመጣለህ፣ የዚህኛውን እኔ። ስኳሩ ኪቦርዱ ላይ ይበተናል።

ለጨዋታ ያህል ፍለጋውን እሞክረዋለሁ። ቢሮ ውስጥ የእውነተኛ በሽተኛ ካርድ የለንም፣ መለማመጃ ካርዶች ናቸው ያሉን፣ በሽተኞቹም እኛው ነን፣ እኔ አስም አለብኝ፣ ስብሐትን የሰባ አንድ ዓመት ነፍሰ ጡር አድርጌ ነው ያስመዘገብኩት፣ ያወቀው ከወር በኋላ ነው፣ አየው፣ ስንተኛ ወር ላይ ነኝ አለኝ፣ ተመልሶ ወደ ሥራው ዞረ፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው። ስሙን እጽፋለሁ፣ ስብሃት፣ ፈልግ።

«ካርድ አልተገኘም። አዲስ ካርድ ይከፈት?»

እ?

ተሳስቼ ይሆናል፣ እንደገና፣ ስብሃት፣ አልተገኘም። እንዴት አልተገኘም፣ ነፍሰ ጡሯ የት ሄደች። በሱ ፊደል እሞክራለሁ፣ በሐመሩ ሐ፣ ስብሐት፣ ይኸው አለ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ክትትል ላይ። በሃ የለም፣ በሐ አለ። ሐሙስ ዕለት ግን በሁለቱም ነበረ።

ይሄ ፊደል የኔና የሱ የቆየ ጠብ ነው፣ ጠብ እንኳ አይባልም፣ ስብሐት ቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ነው፣ ለሱ ፊደል ሁሉ ስም አለው፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ እንደ ዘመድ ነው የሚጠራቸው፣ ሥራ የጀመርን ቀን ስብሃት ብዬ መልእክት ላክሁለት፣ በሐመሩ ነው ጀዊሪያ ብሎ መለሰልኝ፣ በማግስቱም ስብሃት፣ በማግስቱም በሐመሩ ነው፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን ሆን ብዬ ነው፣ አይ፣ ግማሹ ስንፍና ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ሐ ሺፍት ይፈልጋል፣ ሁለት ጣት፣ ሃ ግን እንደ ውኃ ይወርዳል። እኔ ራሴ በልደት ካርዴ ጀውሪያ ነኝ፣ በስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ጁዌሪያ፣ በመታወቂያዬ ጀዊሪያ፣ ሦስት ሰው ሆኜ ነው ያደግኩት፣ ስለ አንዲት ሐ አልጨነቅም። ክብርን በፊደል አትፈልግ እለዋለሁ፣ ክብር አይደለም ስሜ ነው ይለኛል፣ ልክ ነው፣ ለሱ ግን አልነግረውም።

አርባዎቹ መስመሮች የሚሠሩት ይሄንኑ ነው፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ፍለጋ ላይ አንድ ማድረግ፣ ካርድ ጸሐፊው በየትኛውም ይጻፍ ሰውየው እንዲገኝ። እኔ ስጽፋቸው ግን ግዕዙን ከግዕዙ፣ ራብዑን ከራብዑ ነው ያገናኘሁት፣ ሐን ከሀ፣ ሓን ከሃ፣ ሥርዓት የያዘ ሥራ፣ ቆንጆ፣ ሀ እና ሃ ራሳቸው ሲነበቡ አንድ መሆናቸው ትዝ ሳይለኝ። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ሀ ሁ የቆጠርኩ ሰው፣ ትዝ ሳይለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም፣ ሮሐ እስክትመጣ።

ሮሐ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮዋን አሟት እናቷ ቤርሳቤህ ጤና ጣቢያ ይዛት መጣች፣ ካርድ ክፍል ሮሃ ብለው ጻፉ፣ እንደኔው ሺፍት የሰለቻቸው ጣቶች፣ ካርዷ ያለው በሮሐ ነው፣ ሮሐ በኔ መስመር ሮሀ ትሆናለች፣ ሮሃ ግን ባለችበት ትቀራለች፣ አይገናኙም፣ ካርድ አልተገኘም፣ አዲስ ይከፈት፣ ተከፈተ፣ ንጹሕ፣ ባዶ፣ የድሮው ካርዷ ላይ በቀይ የተጻፈው ፔኒሲሊን አይስማማትም የሚለው የሌለበት። መርፌ ታዘዘላት። ቤርሳቤህ መርፌ ሲሏት ምን መርፌ ብላ አልጠየቀችም፣ ማን ይጠይቃል፣ ካርዱ ያውቃል ብላ ነው፣ እኛ ነን እንደሱ እንድታስብ ያደረግናት። መርፌ ክፍል ሲስተር ታየች ነበሩ፣ መድኃኒቱን ስበው፣ ልጅቷን ቀና ብለው አዩና ቆዩ፣ ቆዩ፣ አንቺ ባለፈው ዓመት ፊትሽ አብጦ አልነበር እንዴ አሉ። መርፌውን አስቀመጡት። በፊቷ ነው ያወቋት፣ በፕሮግራማችን አይደለም።

ስብሐት ያን ቀን ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ምሳ አልበላም። እኔም አልበላሁም። ሐሙስ ዕለት ነይ እዪ ብሎ ጠራኝ፣ ጻፊ አለኝ፣ በስህተትሽ ጻፊ፣ ስብሃት ብዬ ጻፍኩ፣ ተገኘ፣ ሮሃ ብዬ ጻፍኩ፣ ከዚያ ወዲህ ሮሐ የምትባል መለማመጃ ካርድ ሠርቷል፣ ተገኘች፣ ከነቀዩ ጽሑፍ፣ ደስ አለን፣ የት ጋ እንደጻፈው ግን አልጠየቅኩትም። ሲስተር ታየች ዘንድሮ ጡረታ ይወጣሉ፣ የዚህ ወር መጨረሻ፣ ከሳቸው በኋላ ያቺን ልጅ የሚያውቅ ይሄ ማሽን ብቻ ነው። ማሽኑ ደግሞ አሁን አልተገኘም አለ።

የት ጣልኩት። ረጋ በይ። ረጋ በይ ጀዊሪያ፣ እግርሽን አውርጂ።

እግሬን አወርዳለሁ፣ ስኳሩን ከጣቴ እጠርጋለሁ፣ ከመጀመሪያው አስቢ፣ ሐሙስ ነበር፣ ዛሬ የለም፣ በመሀል ያደረግሽው አንድ ነገር ነው፣ የኔን ያዝ ብለሽ ጫንሽ፣ ግን እኮ እነዚያ የኔው አርባ መስመሮች ናቸው፣ አየኋቸው፣ አወቅኋቸው፣ እና… ቆይ። ስብሐት ባይነካቸው ኖሮ ማሽኑ ለምን ይጠይቀኛል፣ ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ከነካነው አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ የነካውን ሰው ያምናል፣ የጠየቀኝ እሱም ስለነካቸው ነው፣ አርባ አልነበሩም፣ አልቆጠርኩም፣ አርባ አንድ ናቸው። አርባውን አየሁና አንዷን አላየሁም። የማውቀው መልክ ነው ብዬ።

ቅቤው ነው። ያላህ፣ የፈሀድ ቅቤ ነው ይሄ።

መስከረም ላይ የአጎቴ ልጅ ፈሀድ ከገጠር አንድ ቅል ቅቤ ይዞልን መጣ፣ ቤት መቀየራችንን ማንም አልነገረውም፣ ቀጥ ብሎ የድሮውን በር አንኳኳ፣ የከፈተችለት አዲሷ ተከራይ ናት፣ እዚህ የሉም አለችው፣ አልዋሸችም፣ የለንም፣ በሩን ዘጋች፣ ፈሀድም ቅሉን አቅፎ ሊመለስ ነበር፣ መናኸሪያ ሊሄድ፣ ጎረቤታችን እማማ ሙሉ ባያዩት። የማን ልጅ ነህ አሉት፣ የሬድዋን ወንድም ልጅ ነኝ አላቸው፣ ሬድዋን አባ ነው፣ ታዲያ ቤት ቀየሩ እንጂ አልጠፉም እኮ ልጄ፣ ብለው እጁን ይዘው ታክሲ ድረስ ወሰዱት፣ ረዳቱን ሸጎሌ ሳታደርስ ብታወርደው ብለው አስፈራርተው፣ ለአባ ደወሉ፣ ቅቤው ሸጎሌ ገባ። እማ እስከ ዛሬ ወጥ ስትሠራ ታነሳቸዋለች።

እና እኔ ዛሬ አዲሷን ተከራይ ሆንኩ። ስብሐት የድሮውን በር አንኳኳ፣ እጁ ላይ አንድ መስመር ይዞ፣ ቤት መቀየሬን አልነገርኩትማ፣ ያነሳኋቸው ረቡዕ ነው፣ ሐሙስ ስላሳየኝ ነገር ደስ ብሎኝ ረሳሁት፣ ማሽኑም ጠየቀኝ፣ ቤቱ ፈርሷል ወይስ ሰውየው አዲስ ነገር ይዞ መጥቷል፣ እኔ ቤቱ ፈርሷል አልኩ፣ አልዋሸሁም፣ በሩን ዘጋሁ። መልሱ ከሁለቱ አንዱ አልነበረም። የኔም አይደለም፣ የሱም አይደለም፣ የሱን ብል ደግሞ አርባዎቹ ሁለት ቤት ይኖራሉ፣ ካርድ ክፍል በአንዱ መድኃኒት ክፍል በሌላው፣ ከዚያ ማን ማንን ያስታርቃል። እጁን ይዞ ሸጎሌ ማድረስ ነው እንጂ።

እሺ እማማ ሙሉ።

መርጁን እመልሰዋለሁ፣ ይመለሳል፣ ይሄ ማሽን ጥሩነቱ እሱ ነው፣ ያጠፋሽውን አይረሳብሽም ግን ይመልስልሻል፣ አሁን አርባውን አላይም፣ በልምድ ዓይን ማየት ይቅር፣ ሁለታችንም ከመጀመራችን በፊት የነበረውን እከፍታለሁ፣ ከጎኑ የስብሐትን፣ እና ልዩነቱን ብቻ አሳየኝ እለዋለሁ፣ ልዩነቱን ብቻ። ብልጭ። አንዲት መስመር፣ ሃያ ሦስተኛዋ ላይ፣ ሃን ወደ ሀ ትወስዳለች፣ ሌላ ምንም፣ አጠገቧ ማስታወሻ አለ፣ «ለሮሐ»። ይቺን ነው የጣልኳት። እንዲህ ትንሽ ናት። እገለብጣታለሁ፣ «ስሞች» ውስጥ እገባለሁ፣ ሃያ ሦስተኛዋ ቦታ ላይ እዚያው አስቀምጣታለሁ፣ ከነማስታወሻዋ፣ ከዚያ ነው የድሮውን ቤት የምዘጋው።

ስብሃት። ፈልግ። ነፍሰ ጡሯ ተመለሰች። ሮሃ። ፈልግ። ሮሐ፣ ዕድሜ ዘጠኝ፣ በቀይ፣ ፔኒሲሊን አይስማማትም። ቀዩን ለረጅም ጊዜ አየዋለሁ፣ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ምንም አልሆነችም እኮ፣ ምንም አልሆነችም። ሻዬ ቀዝቅዟል፣ እጠጣዋለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛ ፈተና እጽፋለሁ፣ ሮሃ ተብሎ ሲፈለግ ሮሐ ትገኝ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱ አረንጓዴ የሆኑት ይሄን የሚጠይቅ ስላልነበረ ነው፣ ከእንግዲህ ማንም ሰው እንደኔ እግሩን ሰቅሎ ቢጫን ቀይ ይበራበታል።

ስልኬ ይጮኻል። ስብሐት ነው፣ ከኋላው ነፋስ ይሰማል፣ የሰው ድምፅ፣ ቁልቁል እየወረደ ነው፣ አለቀልሽ ወይ ይለኛል። መዋሸት እችላለሁ፣ አለቀ ብል እውነት ነው፣ ግን አፌ ቀደመ፣ ስብሐት፣ መስመርህን ጥያት ነበር፣ የድሮው ፋይል ላይ ስለነበረች አላየኋትም፣ አሁን መልሻታለሁ። ፈተናዎቹ አልያዙትም ወይ አለ፣ አልያዙትም፣ ታዲያ በምን አወቅሽ።

በምን አወቅሁ።

ስምህን ስጽፍ አልተገኘህም አልኩት። ስሜን እንዴት ስትጽፊ። በሃ። በሃ? በሃ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ከሆዱ ነው የሚስቀው፣ አጠገቡ ያሉት ሰዎች ዞረው ያዩት ይመስለኛል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳርምሽ፣ ብትሰሚኝ ኖሮ እኮ ሰኞ… አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም። በቃ ጀዊሪያ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደፈለግሽ ጻፊኝ አለኝ። ቦምቦሊኖህን በልቼዋለሁ አልኩት። እሱንማ አውቄዋለሁ አለ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ መጣሁ።

የቀረችኝ ማስታወሻዋ ናት፣ ሥራ ስናስገባ ምን እንደሠራን የምንጽፋት። ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው ይመዘግባል፣ መስመር ሲዛወር ግን በአዛዋሪው ስም ይሆናል፣ አርባ አንዱም አሁን የኔ ናቸው ይላል፣ ያቺ ሃያ ሦስተኛዋም፣ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው ይሄን ማን አሰበው ብሎ ቢያይ ጀዊሪያ ይለዋል፣ ይሄ ግን ልክ አይደለም፣ ቅቤውን ያመጣው ፈሀድ ነው፣ እማማ ሙሉ እንኳ እኔ አመጣሁ አላሉም። እጽፋለሁ፣ አርባ መስመሮች ከካርድ ክፍል ፋይል ወደ «ስሞች» ተዛውረዋል፣ ሃያ ሦስተኛዋ ግን አብራ የተዛወረች አይደለችም፣ የድሮው ቤት ነበር የመጣችው፣ መጀመሪያ ጥያት ነበር፣ የጻፋት…

የታክሲ ረዳቱ አሁንም ሸጎሌ ይላል፣ ኮምፕሬሰሩ ዝም ብሏል፣ የጻፋት፣ ስብ፣ ጣቴ በልማዷ ልትሄድ ነበር፣ በሃም ቢሆን እኮ ይገኛል፣ አሁን በሁለቱም ይገኛል፣ እንደፈለግሽ ብሎኛል፣ ትንሿ ጣቴ ግን ማንም ሳያዛት ሄዳ ሺፍት ላይ ታርፋለች፣ ሐ፣ ት።